ዘሩ ከመውጣቱ በፊት፦ የጋራ ሐሳባችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው፣ አገራችን ከዘሮቿና ከሌላው ጄኔቲክ ሀብቷ ስለምታገኘው ጥቅም የጋራ ሐሳባችንን እዚሁ እየጻፍን እናርመው። የምናቀርበው ለኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በ2026 አርሜንያ፣ የሬቫን ከተማ ላይ ለሚደረገው 17ኛው የተባበሩት መንግሥታት የብዝሃ ሕይወት ጉባኤ የአገራችን ልዑካን ሳይነሱ እንዲደርሳቸው እንፈልጋለን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፤ የአዋጆቹን ቁጥር ብቻ በእኛ።) ከሦስት ገጽ አይበልጥም። ሰባት ገጽ ስንጽፍ ማን እንዳነበበልን ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው አንቀጽ ረቂቅ ይኸው፦

«አገራችን ከጄኔቲክ ሀብቷ ፍትሐዊና ሚዛናዊ ጥቅም እንድታገኝ የሚመለከታቸው አካላት ሁሉ ተገቢውን ትኩረት ሰጥተው እንዲሠሩ እንጠይቃለን።»

አስተያየት ስጡበት። አትማሩኝ።

የሮተርዳሙ አባል

እህቴ፣ አትቀየሚኝና ይሄ አንቀጽ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። «የሚመለከታቸው አካላት» ሲባል ሁሉም ጎረቤቱን ነው የሚያየው። ከጤፉ ታሪክ እንጀምር እላለሁ። እኔ በምኖርበት አገር የተፈጸመ ስለሆነ ትንሽ ያንገበግበኛል።

ለአዲስ አባላት ባጭሩ ላስታውስ። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከሚባል የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ውል ተፈራረሙ። በእኛ በኩል የፈረሙት የያኔው የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ነበሩ። ኩባንያው ጤፍ አውሮፓ ውስጥ ያመርታል፣ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ምግብ ይሠራል፣ ለእኛም ከትርፉ ያካፍላል። ነገሩ ያማረ ነበር። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ውሉ አብሮት አልተሻገረም።

በመጨረሻ እጃችን የገባው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። እዚህ ሮተርዳም የሁለት ወር የቤት ኪራይ ቢሆን ነው።

በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ ኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ እንዳይኖረው አደረገ። ያን ጊዜ ሁላችንም «ጤፋችን ተመለሰ!» ብለን ጮኸናል። እኔም ጮኬያለሁ። ግን ፍርድ ቤት የቆመው የኢትዮጵያ መንግሥት አልነበረም። ፓተንቱን የያዘው ኩባንያ የከሰሰው ሌላ የኔዘርላንድ ኩባንያ ነው ራሱን ተከላክሎ ያሸነፈው። እኛ ከዳር ሆነን ነው ያጨበጨብነው።

የሕግ ባለሙያዋ

ታሪኩ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ውሉን ሳያነቡ ፈርመው» ይላል። ውሉ ደካማ አልነበረም። ያኔ ለሌሎች አገሮች በምሳሌነት ሲጠቀስ የነበረ ውል ነው። ከዘር ሽያጭ የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ሮያሊቲ (ለሀብቱ ባለቤት የሚከፈል ድርሻ) ነበረበት። ጤፍ ለሚዘራበት ለእያንዳንዱ ሄክታር 10 ዩሮ ነበረበት። ለጤፍ ልማት ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ የሚገባበት፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ የማያንስ ፈንድም ተጽፎ ነበር። በጤፍ ጄኔቲክ ሀብት ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠየቅም ተከልክሏል።

ታዲያ የት ላይ ተሰበረ? እኔ ሦስት ቦታ ይታየኛል። አንደኛ፣ ገንዘቡ በአብዛኛው «ኩባንያው ካተረፈ» በሚለው ላይ ነው የተንጠለጠለው። ካላተረፈ አብዛኛው የለም። ሁለተኛ፣ የፓተንት ማመልከቻው የገባው በ2004 ነው፤ ከውሉ ፊርማ በፊት። ማመልከቻው ደግሞ በዱቄቱ ላይ እንጂ በዘሩ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ክልከላው በጎን አመለጠው። ሦስተኛ፣ ኩባንያው ሲከስር መብቱን የወሰደ ሰው ግዴታውንም ይወስዳል የሚል ማሰሪያ አልነበረም።

የጄኔቲክ ሀብት ጥቅም እንዴት እንደሚጋራ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ያኔ የለም። የጸደቀው በ2010፣ ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2014 ነው። የራሳችን የአርክቦት (ጄኔቲክ ሀብትን የማግኘት ፈቃድ) አዋጅ 482/1998 እንኳ ከውሉ በኋላ ነው የወጣው። ስለዚህ ሐሳባችን «ጤፋችንን ሰረቁን» ከሚል ይልቅ «ከእንግዲህ ውል እንዲህ ይጻፍ» ቢል ይሻላል። ስድብ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

የገበሬው ልጅ (ምሥራቅ ሸዋ)

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ መብራት የለም ነበር። እስካሁን የጻፋችሁትን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «አርክቦት ምንድን ነው?» ብሎ ነው። የአዋጁ ስም ላይ ያለ ቃል ነው አልኩት። «ስሙ የማይገባኝ አዋጅ እንዴት ለእኔ ይሟገትልኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያለው ካለ ይላክልኝ።

ከዚያ ያጫወተኝን እንዳለ ልጻፈው። ከዓመታት በፊት ሰዎች በመኪና መጥተው ማሳችንን አዩ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዘዋል። አባቴ አያቱ ይዘሩት የነበረ የአገር ስንዴ ነበረው። ከየዓይነቱ ዛላ ቆርጠው በወረቀት ከረጢት ከተቱ። የትኛው ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ለቂጣ፣ የትኛው ለጠላ እንደሚሆን ሁሉንም ጠየቁት፤ ሁሉንም ነገራቸው። ፎቶ አነሱት። ሲሄዱ ቆብ ሰጡት። ቆቡ አሁንም አለ፤ ስንዴው ግን የለም። በተከታታይ ሁለት ክረምት ዝናብ ሲያጥር የዘሩንም በላነው።

አባቴ የሚለው ይሄን ነው፦ «ገንዘቡ ይቅርብኝ። የወሰዱትን ዘር ይመልሱልኝ።»

ጸሐፊዋ

ይሄን እንዳለ ረቂቁ ውስጥ ላስገባው ነው። አባትህን አስፈቅድልኝ።

ጋሼ (ጡረታ የወጣው የሰብል ማሻሻያ ተመራማሪ)

የገበሬው አባት ያሉት አዲስ ነገር አይደለም፤ አገራችን ቀድማ የሠራችው ነው። ጂን ባንካችን፣ ማለትም የአገሪቱ የዘር ማቆያ፣ በ1976 ሲቋቋም ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ውስጥ ነበረ። በ1980ዎቹ ድርቅ ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገበሬው ዘሩን በልቶ ሳይጨርስ አሰባስበው አቆዩ። በኋላም ዘሩ በገበሬው ማሳ ላይ ተመልሶ እንዲበዛና እንዲሻሻል አደረጉ። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሸለሙት ለዚሁ ነው። ኤጀሬና ጨፌ ዶንሳ ያሉት የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። እና የመጀመሪያው ጥያቄያችን ለውጭ ኩባንያ ሳይሆን ለራሳችን ቤት መሆን አለበት፦ ገበሬ ከጂን ባንኩ የራሱን ዘር ስንት ቀን ውስጥ ያገኛል? በየትኛው ማመልከቻ?

አሁን ደግሞ ጥቂቶቻችሁን ላስከፋ። በሩን ሁሉ እንዝጋ የሚል ስሜት እዚህ ይሸተኛል። አይሆንም። እኔ ዕድሜዬን ስንዴ ሳዳቅል ነው ያሳለፍኩት። ገበሬው ዓመታት የኖረበት ኩብሳ የመጣው ከሜክሲኮው ዓለም አቀፍ የስንዴ ማዕከል ነው። የውጭ ዘር ባይገባ ኖሮ የዋግ በሽታ አገሩን ሙልጭ ያደርገው ነበር። እርግጥ ከእኛም ሄዷል። የካሊፎርኒያ ገብስ ከቢጫ ድንክነት ቫይረስ የተረፈው ከኢትዮጵያ ገብስ በተገኘ ጂን ነው። ለዚያ አምስት ሳንቲም አልተከፈለንም፤ ያኔ ሕጉም አልነበረም። መስጠትም መቀበልም ነው።

የ2001ዱ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ስምምነት ይሄንን ተረድቶ 64 ሰብሎችን አገሮች በሚቀባበሉበት የጋራ ቋት አስቀመጠ። ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ምስር አሉበት። ሲጸድቅ ጤፍና ቡና ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። ለእነሱ አገር ለአገር፣ በውል ነው የምንነጋገረው። ሰነዱ ሁለቱን እንዳያምታታ። አንዱን ለሌላው ያልን እንደሆነ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነው የሚስቁብን።

ተማሪው

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ሁላችሁም ስለ ከረጢትና ስለ ዛላ ነው የምታወሩት። እኔ የጤፍን ጂኖም፣ ሙሉ የጂን ንባቡን፣ በስልኬ ዶርም ውስጥ ተኝቼ አውርጃለሁ። ቀልዴን አይደለም። ጸደይ የሚባለው የጤፍ ዝርያ ሙሉ የጂን ንባብ በ2014 ታትሟል፤ ዳቢ የሚባለው ደግሞ በ2020። ነፃ ነው። ኬላ የለ፣ ጉምሩክ የለ። አንድ ኩባንያ አንዲት ፍሬ ጤፍ ሳይነካ የሚፈልገውን ጂን አይቶ ሌላ ሰብል ላይ ሊሠራው ይችላል። አዋጁ «ናሙና ይዞ ሲወጣ ያዙት» ይላል። ምን ልትይዝ ነው? ዋይፋይ?

ለፍትሕ ያህል፣ የጸደይን ጂኖም ያነበቡት የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር አብረው የሚሠሩ ናቸው፤ ሌቦች አልላቸውም። የእኔ ጥያቄ ንባቡ ከወጣ በኋላ ማን ምን ሠራበት የሚለው ነው።

ለዚህ ነው የካሊ ፈንድ የመጣው። ኮሎምቢያ ካሊ ላይ በ2024 ተወሰነ፣ የካቲት 2025 ሮም ላይ ተከፈተ። የዲጂታል ጂን መረጃ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይላል። መድኃኒት፣ ኮስሞቲክስ፣ ዘር አርቢዎች፣ ባዮቴክኖሎጂ ሁሉም አሉበት። ከገንዘቡ ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች ነው።

ገንዘብ ያዡ

በቁጥር ላስቀምጠው። 100 ሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ ኩባንያ በ0.1 በመቶ 100,000 ዶላር ያዋጣል ማለት ነው። ለዘር ባንክ ብዙ ነው። ግን ተማሪው አንድ ነገር ዘለለ፦ ማዋጣቱ ግዴታ አይደለም። «ቢያዋጡ ይገባል» ነው የሚለው። እኔ በዕድርም በዕቁብም ገንዘብ ይዤ አውቃለሁ። «ቢከፍሉ ይገባል» የሚል ዕድር ቀብር አያስፈጽምም።

ስለዚህ የሬቫን ላይ ልዑካኑ አገሮች ይሄን በየሕጋቸው ግዴታ እንዲያደርጉት ይጠይቁ። አንድ መስመር ናት፤ ትግባ።

ሌላው፦ ገንዘቡ ቢመጣ ማን ይይዘዋል?

የሕግ ባለሙያዋ

በአዋጁ አንቀጽ 9 መሠረት ማኅበረሰቡ ከጄኔቲክ ሀብቱ ለመንግሥት ከሚገባው የገንዘብ ጥቅም 50 በመቶ የማግኘት መብት አለው። የሚያምር አንቀጽ ነው። ግን ለጤፍ ማኅበረሰቡ ማነው? ጎጃም? አዳአ? ትግራይ? ስድስት ሚሊዮን አባወራ ይሁን ከዚያ በላይ፣ 2,000 ዩሮ አካፍሏቸው እስቲ።

የገበሬው ልጅ አባት ሳያውቁት የመለሱልን ይመስለኛል። ግማሹ ለሰው አይታደል፤ ለማኅበረሰብ ዘር ባንክ ይዋል። ቦታው ይታወቃል፣ መዝገቡ ይታያል፣ ጎተራውን ማንም ገብቶ ያየዋል።

ስለ ዕውቀትም አንድ ቃል። ቆብ የሰጡት ሰዎች የወሰዱት ዛላ ብቻ አይደለም። «ይሄ ውርጭ ይችላል» የሚለውንም ወስደዋል። እንዶድን አስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መድኃኒት ከዚያ ተገኘ። በኋላ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ የውኃ እንስሳ ለማጥፋት በእንዶድ ላይ ፓተንት አወጣ። ለአጣቢዎቹ ሴቶች የደረሰ ነገር የለም። በግንቦት 2024 ጄኔቭ ላይ የጸደቀው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ውል ፓተንት ጠያቂ ሀብቱንና ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘ እንዲናገር ያስገድዳል። ጥሩ ነው። ጥርሱ ግን ወተት ጥርስ ነው፤ ሳይናገር ቢቀርና ማታለል ካልነበረበት ለዚያ ብቻ ተብሎ ፓተንቱ አይሰረዝም። ሥራ ላይ ለመዋልም የ15 አገሮች ማጽደቅ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ታጽድቀው ብለን አንድ ዓረፍተ ነገር እንጻፍ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አናባክንበት።

የሮተርዳሙ አባል

አሁን ነገሩ መልክ ያዘ። ከእዚህ ወገን አንድ ተግባራዊ ነገር ልስጥ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 511/2014 እዚህ ያለ ተመራማሪ ወይም ኩባንያ የናጎያ አባል ከሆነ አገር ያመጣውን ናሙና ወረቀቱን ይዞ እንዲያቆይ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም 20 ዓመት እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ኔዘርላንድ ውስጥ የምግብና የሸማች ምርቶች ደህንነት ባለሥልጣን ነው ተቆጣጣሪው። ግን ተቆጣጣሪው ከምን ጋር ያመሳክር? እያንዳንዱ አገር የሰጠውን ፈቃድ በናጎያ የመረጃ ማዕከል ሲያስመዘግብ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ይሆናል። እኛ የሰጠነውን ፈቃድ ሁሉ እዚያ ካስመዘገብን የኔዘርላንዱ ተቆጣጣሪ ሳንከፍለው ዘበኛችን ይሆናል። ጠበቃ መቅጠር የለ፣ ሄግ መመላለስ የለ።

«እያንዳንዱ ፈቃድ በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ» እንበል። 30 የእኔ ቁጥር ነው፤ ቀይሩት።

ዋናው ሐሳቤ ግን ይሄ ነው፦ ዘሩ ከመውጣቱ በፊት የሚከፈል ነገር ይኑር። ትርፍ አይጠበቅ። ለንግድ የሚወስድ ሁሉ በቅድሚያ ይክፈል። ትንሽም ቢሆን።

ተማሪው

ለሁሉም? የጋና ተማሪ ለመመረቂያው ሃምሳ ፍሬ ጤፍ ቢፈልግስ? እኔ ራሴ በሌላ አገር በኩል እንዲህ ብጠየቅ ትምህርቴ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ናጎያ አንቀጽ 8 ላይ ለንግድ ላልሆነ ምርምር ነገሩ ይቅለል ይላል እኮ።

የሮተርዳሙ አባል

የጤፉም ነገር በ«ምርምር» ነው የሚጀመረው ወንድሜ። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ተማሪ ነው።

ጋሼ

ልጆች፣ አትጣሉ። ለተመራማሪ ይቅለል፤ ክፍያ አይኑር። ግን ውሉ ላይ አንድ ማሰሪያ ይግባ፦ ዓላማው ወደ ንግድ በተቀየረ ቀን ፈቃዱ ይቆማል፣ አዲስ ውል ይጻፋል። አዋጁ ምርምሩ እዚህ፣ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ባሉበት እንዲሠራ ይላል። ያንን በደንብ ከተገበርነው ተመራማሪው ክፍያውን በሥራ ከፈለ ማለት ነው፤ አብሮት የሚሠራው ልጃችን ይማራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልምዴ። ፈቃድ ለማግኘት ወራት የሚፈጅ ከሆነ ሰው በኪሱ ይዞ ይወጣል። ጤፍ እኮ ነው፤ የብዕር ክዳን ውስጥ ለአንድ ማሳ የሚበቃ ባይገባም ለመራቢያ የሚበቃ ይገባል። ስለዚህ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይወሰን።

ሊቀመንበሩ

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ጸሐፊዋ ጠቅልለሽ ጻፊው። ሐሙስ ማታ ይዘጋል።

ጸሐፊዋ

ይኸው ሁለተኛው ረቂቅ። «ተገቢው ትኩረት» ከነዘመዶቹ ወጥቷል።

«አንድ ገበሬ አባታችን ያቆዩትን የአገር ስንዴ ከረጢት ውስጥ ከተው ሲወስዱ የሰጧቸው ቆብ ነው። ቆቡ አለ፤ ስንዴው የለም። ከ2005ቱ የጤፍ ውል ያገኘነው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ገበሬ ያዋጣውን ዘር ከጂን ባንክ በአንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ከዘር ወቅት በፊት ይረከብ።

ለንግድ የሚወጣ ናሙና ሁሉ ሳይወጣ በፊት ክፍያ ይፈጸምበት፤ ክፍያው ከትርፍ ጋር አይያያዝ። ውሉ ላይ ሦስት ማሰሪያዎች ይኑሩ፦ ቀደም ብሎ የገባ የፓተንት ማመልከቻ ካለ ከፊርማ በፊት ይገለጽ፤ ክልከላው ከዘሩ የሚሠራውንም ሁሉ ይጨምር፤ ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ቢከስር መብቱን የወሰደ ግዴታውንም ይውሰድ።

ለንግድ ላልሆነ ምርምር ክፍያ አይኑር፤ መልሱም በተወሰነ ቀን ይሰጥ። ዓላማው ሲቀየር ፈቃዱ ይቁም።

የተሰጠ ፈቃድ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ በናጎያ የመረጃ ማዕከል ይመዝገብ።

የማኅበረሰቡ 50 በመቶ ለማኅበረሰብ ዘር ባንኮች ይዋል።

የሬቫን ላይ ለካሊ ፈንድ መዋጮው በየአገሩ ሕግ ግዴታ እንዲሆን ልዑካኑ ይጠይቁ። የጄኔቭን ውልም ኢትዮጵያ ታጽድቅ።»

ያልተቋጨው፦ በማኅበረሰቡ ስም ማን ይፈርም የሚለው ነው። የሕግ ባለሙያዋ ቀበሌ ትላለች፣ ገንዘብ ያዡ የዘር ባንኩ ኮሚቴ ይላል። እኔም ከኮሚቴው ጋር ነኝ፣ ግን ኮሚቴ የሌለበት ቦታስ? ይሄን ክፍት አድርገን በቅንፍ እንተወው፤ የማናውቀውን እናውቃለን አንበል።

ሥራ ክፍፍል፦ የአዋጁን አንቀጾች የሕግ ባለሙያዋ ታመሳክር። የሮተርዳሙ ልጅ የ511ን ክፍል በአንድ አንቀጽ ይጻፍልን። ጋሼ፣ 64ቱን ሰብሎችና ጤፍን እንዳናምታታ እርስዎ ይዩት። ተማሪው ስለ ጂኖሙ ግማሽ ገጽ፤ ዋይፋይ የሚለው ቀልድ ይቅር።

ተማሪው

ቀልዱ ነበር ጥሩው ነገሬ። እሺ።

የገበሬው ልጅ (ምሥራቅ ሸዋ)

አነበብኩለት። ስለ ቆቡ ሲሰማ ሳቀ። ፈቅዷል፣ ስሙ ግን አይጻፍ ብሏል። ሁለት ነገር አለው። «ከዘር ወቅት በፊት» የሚለው «እስከ ግንቦት መጨረሻ» ይባል፣ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ አምጥተው በሰዓቱ ሰጠን ይላሉ ብሏል። ሁለተኛው፦ አርክቦት የሚለው ቃል ወጥቷል ወይ?

ጸሐፊዋ

ግንቦት ገብቷል። አርክቦትም ወጥቷል፤ አዋጁን በሙሉ ስሙ የምንጠራበት ቦታ ላይ ብቻ አንድ ጊዜ ይኖራል። ስሙ ስለሆነ ነው፣ ይቅርታ በልልኝ።